እንቆቅልሽና አገር፦ በጦርነት ታሪክ ላይ ስለተሠራ የማምለጫ ክፍል

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ ለታሪክ መምህራን የተደረገ ንግግር)




በዚህ መድረክ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የምንወያየው ስለ መማሪያ መጻሕፍት፣ ስለ ፈተና አወጣጥና ስለ ታሪክ ማስረጃ አጠባበቅ ነው። ለእኔ ዛሬ የተሰጠኝ ርእስ ግን ስለ ጨዋታ ነው። ጨዋታው ጦርነትን መነሻ አድርጎ የተሠራ በመሆኑም፣ ከመካከላችን «በጦርነት ምኑን ይጫወቱበታል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢኖር ጥያቄው ተገቢ ነው። የንግግሬም ዋና ጉዳይ ይኸው ጥያቄ ነው። እኔ የደረስሁበትን ሐሳብ አስቀድሜ ልናገር፦ የጦርነትን ሥራ በጨዋታ ማስተማር ይቻላል፤ የጦርነትን መከራ ግን በጨዋታ ማስተማር አይቻልም፤ አይገባምም። ሁለቱን የሚለየው መስመር የት ላይ እንደሚያልፍ ለማሳየት እሞክራለሁ።

በንግግሬ ውስጥ የምጠቅሳቸው ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለባቸው በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን በቅድሚያ አሳስባለሁ።

የጨዋታው ምንነት

በእንግሊዝኛ «ኤስኬፕ ሩም» የሚባለውን «የማምለጫ ክፍል» ብንለው ትርጉሙን ያደርስልናል። ጥቂት ሰዎች፣ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 የሚሆኑ፣ ወደ አንድ ክፍል ይገባሉ፤ በሩ ይዘጋል፤ ሰዓት መቁጠር ይጀምራል። የሚሰጣቸው ጊዜ በአብዛኛው 60 ደቂቃ ነው። በክፍሉ ውስጥ የተሰወሩትን ምልክቶች እየፈለጉ፣ አንዱን ከሌላው እያገናዘቡ፣ ሣጥኑንና መሳቢያውን እያስከፈቱ በመጨረሻ የመውጫውን ቁልፍ ያገኛሉ፤ አለዚያም ሰዓቱ ይቀድማቸዋል። ጨዋታው በዛሬው መልኩ የተጀመረው በ2007 በጃፓን አገር በኪዮቶ ከተማ ሲሆን፣ ጀማሪውም ታካኦ ካቶ የተባለ ሰው ነው። በ2011 አቲላ ጁርኮቪች የተባለ የሃንጋሪ ተወላጅ በቡዳፔስት ከተማ የራሱን ክፍል ከከፈተ በኋላ፣ ጨዋታው በመላው አውሮፓ በፍጥነት ተስፋፍቷል።

ስሙ አዲስ ይሁን እንጂ ነገሩ ለእኛ ባዕድ አይደለም። ማታ ከምድጃ ዳር ተቀምጦ «እንቆቅልሽ!» «ምን አውቅልህ!» እየተባባለ ያላደገ በመካከላችን ያለ አይመስለኝም። መልሱ የጠፋበት ልጅ «አገር ስጠኝ» ይባላል፤ እሱም ጎንደርን ወይም ሐረርን ይሰጣል፤ ተቀባዩም በተሰጠው አገር ገብቶ የበላውንና የጠጣውን እየዘረዘረ ይኩራራበታል። በማግሥቱ ግን ጎንደርም ሐረርም በየቦታቸው ይገኛሉ። በጦርነት ጊዜ እንቆቅልሽ ሳይፈታ ሲቀር የሚሰጠው አገር እውነተኛ አገር ነው። በጨዋታና በጦርነት መካከል ያለውን ልዩነት ከዚህ አጠር አድርጎ ለመግለጽ አስቸጋሪ ነው።

አምስት ሆነን የተጫወትነው

ባለፈው ዓመት ለትምህርት ጉዳይ ወደ እንግሊዝ አገር በሄድሁበት ጊዜ፣ ከአራት የሥራ ጓደኞች ጋር ሆነን ከነዚህ ክፍሎች በአንዱ ተጫውተን ነበር። ከአምስታችን ሦስታችን መምህራን፣ አንደኛዋ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ፣ አንደኛው ደግሞ መሐንዲስ ነበርን። ክፍሉ የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት የምሥጢር ፈቺዎች ጎጆ እንዲመስል ተደርጎ ተሠርቷል። መስኮቶቹ በጥቁር ጨርቅ ተጋርደዋል። የጽሕፈት መኪና፣ ጥቁር ስልክ፣ የብረት ኩባያዎች፣ የራሽን ደብተር፣ በግድግዳው ላይም መርፌ የተሰካበት የአትላንቲክ ውቅያኖስ ካርታ ነበረ። ከአሮጌ ሬዲዮ ውስጥ የሞርስ ድምፅ ይሰማል። አስተናጋጇ ወጣት በር ላይ ቆማ፣ በ60 ደቂቃ ውስጥ የጠላትን መልእክት ካልፈታን በባሕር ላይ ያሉ የጭነት መርከቦች እንደሚሰጥሙ ነገረችንና በሩን ዘጋችው።

በመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች ውስጥ የሠራነው ሥራ ሁሉ ከንቱ ነበር። እያንዳንዱ ሰው ያገኘውን ነገር ይዞ ወደየጥጉ ሄደ። መሐንዲሱ በቁጥር ከሚከፈተው ጓጉንቸር ጋር ይታገላል፤ የጓጉንቸሩ ቁጥር የተጻፈበት የራሽን ደብተር ግን ከክፍሉ ማዶ በቆመው መምህር እጅ ነበረ። ሁለቱም የየራሳቸውን ግማሽ እውነት ይዘው ዝም ብለዋል። ነገሩን የለወጠችው የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዋ ናት። «ያገኘነውን ሁሉ ጠረጴዛው ላይ እናስቀምጠው፤ ያገኘም ሰው ምን እንዳገኘ ጮክ ብሎ ይናገር፤ የተሠራበትን ነገር ደግሞ ወደዚያኛው ወገን እናርቀው» አለች። ከዚያ በኋላ የመጀመሪያው ጓጉንቸር ወዲያውኑ ተከፈተ።

ይህን በዝርዝር የማወራው ለመምህር የሚሆን ትምህርት ስላለበት ነው። ከመካከላችን አለቃ የተሾመ ሰው አልነበረም። በመጀመሪያው አሥር ደቂቃ ያጣነው እውቀትን ሳይሆን እውቀታችንን አንድ ቦታ የምናደርግበትን ሥርዓት ነበር። ካርታ ማንበብ የሚችለው፣ ቁጥር ማስላት የሚችለው፣ ዕቃን በየመልኩ መደርደር የምትችለው ሰው ሁሉም በዚያ ነበሩ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው፣ ሸክሙ የቀለለው ሎሚው ከተከፋፈለ በኋላ ነው። በክፍል ውስጥ በንግግር የማይታወቁ ተማሪዎች እንዲህ ባለ ጨዋታ ጊዜ ብቅ የሚሉት፣ ለአንደበተ ርቱዕ ብቻ ያልተሰጠ የሥራ ድርሻ ስለሚያገኙ ይመስለኛል።

በመጨረሻ 4 ደቂቃ ሲቀረን በሩ ተከፈተ። መብራት በራ፤ መርከቦቹ እንደዳኑ የሚናገር ድምፅ ተሰማ፤ የብረት ቆብ አድርገን ፎቶግራፍ ተነሣን። ስንወጣ ከመምህራኑ አንዱ አስተናጋጇን፣ «መልእክቱን ባንፈታው ኖሮ የሚሞቱት እነማን ነበሩ?» ሲል ጠየቃት። እሷም በትሕትና ፈገግ ብላ፣ «ሌላ ቀን መጥታችሁ እንደገና መሞከር ትችላላችሁ» አለችው። መልሷ ለጨዋታው ትክክለኛ መልስ ነው። ለታሪኩ ግን መልስ አይሆንም። ስለዚህ አሁን ወደ እውነተኛው ታሪክ ልሻገር።

እውነተኛው ጎጆ

ያ ክፍል አርአያ ያደረገው ከለንደን በስተ ሰሜን ምዕራብ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘውን ብሌችሊ ፓርክን ነው። በጦርነቱ ጊዜ የእንግሊዝ ምሥጢር ፈቺዎች የተሰበሰቡት በዚሁ ግቢ ነበር፤ ዛሬ ሙዚየም ሆኗል። እዚያ ከተፈቱት ምሥጢሮች ይበልጥ የሚታወቀው ጀርመኖች ኤኒግማ በተባለ መኪና ይጽፉት የነበረው ነው። ኤኒግማ የሚለው ቃል ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ እንቆቅልሽ ማለት ነው።

መኪናው የጽሕፈት መኪና ይመስላል። አንድ ፊደል ሲመታ ኤሌክትሪኩ በሚሽከረከሩ መዘውሮችና በሽቦ መሰኪያዎች ውስጥ አልፎ ሌላ ፊደል ያበራል፤ መዘውሩም ስለሚዞር ያው ፊደል ደግሞ ሲመታ ሌላ ይወጣል። ከ5 መዘውሮች 3ቱ ተመርጠውና 10 የሽቦ መሰኪያዎች ተደርገው መኪናው ሊዘጋጅ የሚችልባቸው መንገዶች 158,962,555,217,826,360,000 ናቸው። የዝግጅቱ ቁልፍ በየዕለቱ ስለሚለወጥ፣ ዛሬ የተፈታው ለነገ አይሠራም። እንግዲህ እውነተኛው ሰዓት ቆጣሪ በየዕለቱ ከዜሮ የሚጀምር ነበር፤ ያውም ለዓመታት።

ምሥጢሩን መጀመሪያ የፈቱት እንግሊዞች አይደሉም። በታኅሣሥ 1932 ማሪያን ሬየቭስኪ የተባለው የፖላንድ የሒሳብ ሊቅ የመኪናውን የውስጥ አሠራር በስሌት ደረሰበት፤ የርዚ ሩዚትስኪና ሄንሪክ ዚጋልስኪም ከእርሱ ጋር ሠርተዋል። በሐምሌ 1939፣ ጦርነቱ ሊፈነዳ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ ፖላንዶች ያወቁትን ሁሉ ዋርሶ አጠገብ በሚገኘው በፒሪ ጫካ ለእንግሊዞችና ለፈረንሳዮች አስረከቡ። ብዙም ሳይቆይ አገራቸው ተወረረች። ፖላንዶች ያገኙትን ጠረጴዛው ላይ ባያስቀምጡት ኖሮ የኋላው ሥራ ምን ያህል ይዘገይ እንደነበር መገመት ይቻላል።

ከዚያ በኋላ አለን ቱሪንግ «ቦምብ» የተባለውን የፍለጋ መኪና ነደፈ፤ ጎርደን ዌልችማን አሻሻለው፤ የመጀመሪያውም በመጋቢት 1940 ሥራ ላይ ዋለ። አሠራሩ በአንድ የኤኒግማ ድክመት ላይ የተመሠረተ ነበር፤ ይኸውም በኤኒግማ አንድ ፊደል ፈጽሞ ራሱን ሆኖ አይወጣም። ምሥጢር ፈቺዎቹ በመልእክቱ ውስጥ ሊኖር የሚችል ቃል፣ ለምሳሌ የአየር ጠባይ ዘገባ የተለመደ ሐረግ፣ ገምተው ከምሥጢሩ ጽሑፍ ሥር ይደረድሩታል። በአንድ ቦታ እንኳ አንዱ ፊደል ከራሱ ጋር ከተገጣጠመ ያ አደራደር ስሕተት መሆኑ ይታወቃል። ይህን እኛ በተጫወትነው ክፍል ውስጥ በአንድ ቁራጭ ወረቀት ላይ ሠርተነዋል፤ ተማሪዎች በእርሳስና በወረቀት ሊሠሩት የሚችሉት ነገር ነው።

ነገር ግን በጨዋታውና በእውነቱ መካከል ሁለት ታላላቅ ልዩነቶች አሉ። አንደኛው፣ እኛ አምስታችን ነገሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አየነው። በብሌችሊ ፓርክ በ1945 መጀመሪያ ወደ 9,000 የሚጠጉ ሰዎች ይሠሩ ነበር፤ ከመቶ 75 ያህሉ ሴቶች ነበሩ። አብዛኞቹ የሚያውቁት የገዛ ራሳቸውን ቁራሽ ሥራ ብቻ ነው። መኪናውን የምታንቀሳቅሰው ወጣት የፈታችው መልእክት ምን እንደሚል፣ መርከብ ያድን አያድን አይነገራትም። ሁለተኛው፣ ሥራው ሲያበቃ የብረት ቆብ አድርጎ ፎቶግራፍ መነሣት አልነበረም። ምሥጢሩ ለሕዝብ በሰፊው የተገለጸው ዊንተርቦተም በ1974 ባሳተመው መጽሐፍ ነው። እስከዚያ ድረስ ባልና ሚስት እንኳ በጦርነቱ ጊዜ ምን እንደሠሩ ሳይነጋገሩ የኖሩ ነበሩ።

ያልተከፈተው በር

ከዚህ ታሪክ ውስጥ በምንም ዓይነት ወደ ጨዋታ የማይለወጥ አንድ ክፍል አለ። ከየካቲት 1942 ጀምሮ በአትላንቲክ የሚንቀሳቀሱት የጀርመን ባሕር ሰርጓጆች ባለ 4 መዘውር ኤኒግማ መጠቀም ጀመሩ። ለ10 ወራት ያህል ብሌችሊ ፓርክ መልእክታቸውን ማንበብ ተሳነው፤ በእነዚያ ወራትም ብዙ የጭነት መርከቦች ከነመርከበኞቻቸው ሰጠሙ።

በጥቅምት 30 ቀን 1942 ሌሊት በሜዲትራኒያን ባሕር፣ ከግብፅ ጠረፍ ማዶ፣ የእንግሊዝ የጦር መርከቦች ዩ 559 የተባለውን ባሕር ሰርጓጅ መትተው ከውኃው በላይ እንዲወጣ አስገደዱት። ጀርመኖቹ ጥለውት ወጡ። ከፔታርድ መርከብ ሁለት ሰዎች፣ ሌፍተናንት አንቶኒ ፋሰንና መርከበኛው ኮሊን ግሬዚየር፣ በጨለማ ዋኝተው ወደ ውስጥ ገቡ። ቶሚ ብራውን የተባለ የ16 ዓመት የመርከቡ ካንቲን ሠራተኛም ተከተላቸው። ውኃ እየሞላበት ባለው ሰርጓጅ ውስጥ የምሥጢር መጻሕፍቱን እየፈለጉ በመሰላሉ ላይ ለብራውን ያቀብሉት ነበር። ሰርጓጁ በድንገት ሰጠመ። ብራውን ተረፈ፤ ፋሰንና ግሬዚየር አልወጡም። ባወጧቸው ወረቀቶች እርዳታ ብሌችሊ ፓርክ በታኅሣሥ 1942 የሰርጓጆቹን መልእክት እንደገና ማንበብ ቻለ። ለሁለቱ ሟቾች የጆርጅ መስቀል ኒሻን ተሰጣቸው።

እስቲ ይህን ከጨዋታው ጋር እናስተያየው። ጠባብ ክፍል ነው፤ ጨለማ ነው፤ ጊዜው እያለቀ ነው፤ ፈልጎ የሚገኝ ወረቀት አለ፤ በትንሽ ቡድን የሚሠራ ሥራ ነው። የማምለጫ ክፍል ያለው ነገር ሁሉ በዩ 559 ውስጥ ነበረ። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ውጭ ቆሞ በሩን የሚከፍት አስተናጋጅ። ሁለቱ ሰዎች ብልሃት አንሷቸው አልሞቱም። ማድረግ የሚገባቸውን ሁሉ በትክክል አድርገው ሞቱ። ጨዋታ በባሕርዩ ይህን ሊያስተምር አይችልም፤ ምክንያቱም ጨዋታ የሚቆመው «በትክክል የሠራ ይወጣል» በሚል ውል ላይ ነው።

መስመሩ የት ነው?

ይህ ውል ወደ ማይገባበት ቦታ ሲገባ የሚሆነውን ለማየት የኔዘርላንድን ምሳሌ ልጥቀስ። በ2016 በደቡብ ኔዘርላንድ በምትገኘው በቫልከንስዋርድ ከተማ አንድ የማምለጫ ክፍል የአና ፍራንክን መደበቂያ እንዲመስል ተደርጎ በመሠራቱ፣ በስሟ የተቋቋመው ድርጅት ተቃውሞ አሰምቶ ነበር። የተቃውሞው ፍሬ ነገር፣ እንዲህ ያለው ክፍል መደበቅን አስደሳች ጨዋታ ያስመስላል፣ ብልህ የሆነ ተደባቂ አይያዝም ነበር የሚል ስሜት ያሳድራል የሚል ነው። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ከሐምሌ 1942 እስከ ነሐሴ 4 ቀን 1944 ድረስ በአምስተርዳሙ ቤት ውስጥ የተደበቁት 8 ሰዎች ናቸው፤ ከጦርነቱ የተረፈው የአና አባት ኦቶ ፍራንክ ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን መደበቂያ እንቆቅልሽ ያደረገ ሰው፣ ሳያስበውም ቢሆን፣ የሞቱትን «መፍትሔውን አላገኙትም» ብሎ እንደ መውቀስ ይቆጠርበታል።

መስመሩ እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። ምሥጢር መፍታት፣ መልእክት ማድረስ፣ ካርታ ማንበብ፣ ስንቅ ማከፋፈል ሰዎች በጦርነት ጊዜ በእውቀታቸው የሠሩት ሥራ ነው፤ ሥራን አስመስሎ መሥራት ይቻላል። መታሰር፣ መሳደድ፣ መጨፍጨፍ በሰዎች ላይ የደረሰ መከራ ነው፤ በዚህ ላይ ሰዓት መቁጠር አይገባም። ፈረንጅ አገር ድረስ መሄድ ሳያስፈልገን ራሳችንን እንጠይቅ። አንድ ነጋዴ የየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የአዲስ አበባን ጭፍጨፋ የማምለጫ ክፍል ቢያደርገው፣ «ከሚቃጠለው ቤት በ60 ደቂቃ ውስጥ ውጡ» ቢል፣ ከመካከላችን ማን ነው ዝም የሚል?

ሌላም ከቶ የማይረሳ ጉዳይ አለ። በጥር 4 ቀን 2019 በፖላንድ በኮሻሊን ከተማ የልደት በዓል ለማክበር ወደ ማምለጫ ክፍል የገቡ 5 ልጃገረዶች፣ ሁሉም የ15 ዓመት ልጆች፣ እሳት ተነሥቶ መውጣት አቅቷቸው በጢስ ታፍነው ሞተዋል። ልጆችን የሚያስተምር ሰው የተዘጋ በር የጨዋታ ዕቃ አለመሆኑን ከዚህ መረዳት አለበት።

በእኛ መማሪያ ክፍል

ታዲያ እኛ ምን እናድርግ? የምናስተምረው ታሪክ ለዚህ ዓይነቱ ሥራ የሚሆን ብዙ ነገር አለው። በ1941 የእንግሊዝ ጦር በምሥራቅ አፍሪካ በዘመተበት ጊዜ የጣሊያን ጦር የምሥጢር መልእክቶች በሰፊው ይነበቡ እንደነበር የታወቀ ነው። ከዚያም በፊት በአምስቱ የወረራ ዓመታት በከተማ ተቀምጠው ለጫካው አርበኛ ወሬ፣ ጥይት፣ መድኃኒትና ስንቅ ይልኩ የነበሩት የውስጥ አርበኞች ሥራ፣ እያንዳንዱ የራሱን ቁራሽ ብቻ እያወቀ የሚሠራው ሥራ ነበር። ከእነርሱም መካከል ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ ተይዘው በጣሊያን አገር ወደሚገኘው ወደ አዚናራ ደሴት ተግዘዋል። ተማሪው መልእክቱ እንዴት እንደሚያልፍ በጨዋታ ሊማር ይችላል፤ የወይዘሮ ሸዋረገድን ግዞት ግን ቁጭ ብሎ፣ ዝም ብሎ ሊሰማው ይገባል።

በዚህ መሠረት ለባልደረቦቼ የማቀርባቸው አሳቦች የሚከተሉት ናቸው።

1ኛ/ በር አይዘጋ። ክፍሉን ሳይሆን ሣጥኑን እንቆልፍ። አንድ የእንጨት ሣጥን፣ ሦስት ጓጉንቸሮችና የተባዙ ደብዳቤዎች ለአንድ ትምህርት ይበቃሉ።

2ኛ/ ቡድኑ ከ4 እስከ 6 ተማሪ ይሁን። ከዚያ ከበዛ ተመልካች ይበዛል።

3ኛ/ በሣጥኑ ውስጥ የሚገኘው ሽልማት ከረሜላ አይሁን፤ ማስረጃ ይሁን። ጓጉንቸሩን የከፈተ ተማሪ በውስጡ የሚያገኘው የአንድ ሰው ደብዳቤ ወይም ፎቶግራፍ ከሆነ፣ የጨዋታው መጨረሻ የትምህርቱ መጀመሪያ ይሆናል።

4ኛ/ ተማሪ የገዳይንም የተገዳይንም ድርሻ አይጫወት። የሠራተኛን ድርሻ ይጫወት።

5ኛ/ ከጨዋታው በኋላ የሚደረገው ውይይት ከጨዋታው የረዘመ ይሁን። የመጀመሪያውም ጥያቄ ያ ጓደኛችን በር ላይ የጠየቀው ይሁን፦ ባይፈታ ኖሮ የሚሞቱት እነማን ነበሩ? ሁለተኛው ደግሞ፣ ተፈትቶም ሳለ የሞቱት እነማን ናቸው? የሚለው ነው።

ክቡራትና ክቡራን፤

ከእኛ መካከል ጦርነትን በመጽሐፍ ያነበበ አለ፤ በዓይኑ ያየም፣ ቤተሰቡን ያጣበትም አለ። በየክፍላችን ከሚቀመጡት ተማሪዎችም መካከል እንዲሁ። ስለዚህ በጦርነት ታሪክ ላይ የምንሠራው ማንኛውም የማስተማሪያ ዘዴ፣ ከፊት ወንበር ላይ የተቀመጠው ልጅ ወንድሙ እንዳልተመለሰ አድርገን በማሰብ የምንሠራው ይሁን። ያ ልጅ ሣጥኑን ከጓደኞቹ ጋር ከፍቶ፣ ያገኘውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ፣ ሳያፍርና ሳይከፋው ወደ ቦታው መመለስ ከቻለ ጨዋታው ትምህርት ሆኗል ማለት ነው። ካልቻለ ግን፣ ምንም ያህል በብልሃት የተሠራ ቢሆን፣ ሣጥኑን ሳይከፈት እንተወው።